ፊደል ቆጥሮ መሳል

ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። ደብረ ብርሃን፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ በደንብ የማይገጥም ክፍል ውስጥ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ኅዳር ላይ ውርጩ ጣት ያደርቃል። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ አቅፌ እጄን አሞቃለሁ፤ ቁልፍ የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ "ጉዳዩ፦" ብሎ የሚጀምር ወረቀት ሁሉ በእጄ አልፏል።

በታይፕ፣ በጽሕፈት መኪና ማለቴ ነው፣ መሳል የጀመርኩት በምሳ ሰዓት ነው። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በ"መ" ብቻ፣ መሶብ ልሠራ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ረዝሞ ረዝሞ የጠላ ጋን መሰለ። ሁለተኛው ባሰበት። ሦስተኛው ግን መሶብ ሆነ። ምን ያደርጋል፣ ከረቂቅ ጋር ተደባልቆ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። አስጠሩኝና "የመንግሥት ሪባን ለካ በዚህ ነው የሚያልቀው!" አሉኝ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። ጡረታ ወጥተው ዕቃቸውን ስናወጣላቸው ከመሳቢያቸው አገኘሁት፤ ሳይታጠፍ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፖቹ መጋዘን ገቡ። ኋላ ያገለገሉ ዕቃዎች ሲሸጡ አንዱን እኔ ወሰድኩት። የአማርኛ ኦሊቬቲ ነው፣ እንደ ጠቦት የሚከብድ። የተሸከመልኝ ልጅ "እትዬ፣ ይሄ ምን ሊሠራልሽ ነው?" ብሎ ሳቀ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ "እትዬ፣ አሳዪኝ" እያለ ከሚመጡት አንዱ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከዜሮ ከምጀምር ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ከእኔ በፊት

የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ትኖራለች። ለጥምቀት ስትመጣ ግድግዳዬን አየችና ስልኳን ከፈተች። "አክስቴ፣ አንቺ ብቻ መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። እውነት ለመናገር፣ መስሎኝ ነበር።

ፍሎራ ስቴሲ የምትባል ሴት በፈረንጆች 1898 በታይፕ ቢራቢሮ ሠርታለች። ፖል ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ ሴሬብራል ፓልሲ ነበረበት፤ እጁ እንደ ልቡ አይታዘዝለትም። በአንድ ጣት እየመታ፣ ከቁጥሮቹ ጋር ያሉትን ምልክቶች ብቻ እየደራረበ፣ ሞና ሊዛን ሳይቀር ሠራ። በ2007 አረፈ። እንግሊዝ አገር ገዳም ውስጥ የኖረ ዶም ሲልቬስተር ሁዌዳር የሚባል መነኩሴም አለ፤ እሱም በኦሊቬቲ ነበር የሚሠራው። እኔን የነካችኝ ግን ሩት ቮልፍ ሬፌልት ናት። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ ታይፒስት፣ እንደ እኔ። በዚያው በሥራ ዕቃዋ በፊደል ማዕበል፣ በፊደል ሳጥን ትሠራ ነበር። ጀርመን ስትዋሃድ ተወችው። ለምን እንደተወችው ሳይሆን፣ በየምሳ ሰዓቱ ማን አለቃ ይቆጣት ነበር የሚለው ነው እኔን ያሳሰበኝ።

ሥዕሉ አንድ ነገር ነው፤ "ኮንክሪት ግጥም" የሚሉት ሌላ። ስሙ የቤት መሠረት ይመስላል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ግጥሙ ስለ አንድ ነገር አያወራም፤ ወረቀቱ ላይ ያንኑ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። ኦይገን ጎምሪንገር የሚባል ቦሊቪያ የተወለደ የስዊስ ገጣሚ "ዝምታ" የሚለውን ቃል በስፓኝኛ 14 ጊዜ ደረደረና መሃል ላይ የአንድ ቃል ቦታ ባዶ ተወ። ዝምታው ያ ባዶ ቦታ ነው። ቄሱ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው "ይሄማ ቅኔ ነው፣ ወርቁን ሳይጽፍ ተወው እንጂ" አሉኝ።

እሳቸው ናቸው ሌላም ያስታወሱኝ። "ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ" የምንላቸው የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስሞች አሉ አይደል? መነሻቸው አምስት በአምስት የሆነ የላቲን የፊደል ካሬ ነው። ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ሲነበብ አንድ ነው። ፊደልን በካሬ መደርደር ከታይፕ በፊት ስንት ዘመን ኖሯል ማለት ነው።

ዕቃው

ታይፕ ከየት ይገኛል? ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ አዛውንቶችን ጠይቁ። አብዛኞቹ አልጣሉትም፤ አልጋ ሥር ነው ያለው። የእንግሊዝኛ ታይፕም ይሆናል፤ ለሥዕል ቋንቋ አይመርጥም። የአማርኛው ግን ሌላ ጣዕም አለው፤ እመጣበታለሁ።

ስትገዙ ወረቀት የሚጠመጠምበትን ጎማ በጥፍር ጫን በሉት። ትንሽ ከሰረጎደ ደህና ነው። እንደ ድንጋይ ከሆነ ፊደሉ ወረቀት ይበሳል፤ ሁለት ወረቀት ከኋላ በመደረብ ይቻላል፣ ግን ዋጋ አስቀንሱበት። ወረቀት ይዞ የሚንሸራተተው ሠረገላ ከዳር እስከ ዳር ሳይነቅፈው መሄዱን እዩ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ምቱ። አንድ ሁለት ቢሞቱ ግድ የለም። የእኔው "ቨ" አይሠራም። እስካሁን "ቨ" የጎደለው ሥዕል አላጋጠመኝም።

ሪባኑ ቀለም የጠጣ፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጨርቅ ነው። የእንግሊዝኛው ታይፕም የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ የሆነውን ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ከደረቀ አትጣሉት። የማኅተም ቀለም በጥቂት ጠብታ በየቦታው አንጠባጥቡ፣ ጠቅልሉት፣ በላስቲክ አስራችሁ አሳድሩት። ብዙ ካፈሰሳችሁ ለሳምንት ጣታችሁ እንደ መራጭ ጣት ይጠቁራል።

ፊደሎቹን ለማጽዳት ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ትንሽ ነጭ ጋዝ ይበቃል። የ"ወ"ን፣ የ"መ"ን፣ የ"ዐ"ን ቀዳዳ ግን በመርፌ ጫፍ አውጡት። ዓይኑ የተደፈነ "መ" ጉድፍ ነው የሚመስለው።

አሁን ስለ አማርኛው። የአማርኛ ታይፕ ሲነሳ ኢንጂነር አያና ብሩ አብረው ይነሳሉ። የነበረው ችግር ግልጽ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ፊደል በአርባ ምናምን ቁልፍ ላይ እንዴት ይገባል? መፍትሔው ፊደልን መበታተን ሆነ። ገላው ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። የካዕቡ ጭረት፣ የሣልሱ እግር፣ የኃምሱ ቀለበት የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። የቅጥያ ቁልፍ ሲመታ ሠረገላው አይራመድም፤ ሌላው ፊደል እዚያው ላይ ይወርድበታል። ለዚህ ነው የድሮ ደብዳቤ ላይ ፊደሎቹ ልብሳቸው የማይበቃቸው የሚመስሉት።

ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ አበሳ ነበር። ለሥዕል ግን ሀብት ነው። ቅጥያውን ምታና በፊደል ፈንታ ባዶ ቦታ ስጠው። ቀለበቷ ብቻዋን ወረቀቱ ላይ ትቀራለች። የካዕብ ጭረት ብትደረድሩ ዝናብ ነው። የኃምስ ቀለበት ብትደረድሩ አውድማ ላይ የተበተነ ገብስ። ይሄን የእንግሊዝኛ ታይፕ ያለው ሰው አያገኘውም።

መቁጠር

እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስፌት ትሰፋ ነበር። ስንደዶውን ታቅፋለች፣ አክርማውን ታረጥባለች፣ ወስፌዋን በጥርሷ ትይዛለች። አለላው የሚገባበት ዙር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። ያን ጊዜ ማንም አያናግራትም። አንድ ብትስት ኮከቡ ጠማማ ይሆናል፤ እስከ ታች መፍታት ነው።

የታይፕ ሥዕልም ስፌት ነው። መሳል የማትችሉ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ አያስፈልግም። መቁጠር ብቻ ቻሉ።

መጀመሪያ ታይፓችሁን ለኩት። 10 ፊደል ምቱና በማስመሪያ ለኩ። የእኔው 2.54 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ አንድ ኢንች ማለት ነው። 12 ፊደል በአንድ ኢንች የሚገቡበትም ዓይነት አለ። ከላይ ወደ ታች ደግሞ በአንድ ኢንች 6 መስመር ነው። እንግዲህ አንድ ኤ4 ወረቀት የእኔ ታይፕ ላይ ወደ ጎን 82 ፊደል፣ ወደ ታች 70 መስመር ይይዛል። ከየዳሩ አሥር አሥር ተዉለት፤ ወረቀት ትንፋሽ ይፈልጋል።

አሁን የጋኑ ምሥጢር ይገለጣል። የመጀመሪያውን መሶብ 30 ፊደል በ30 መስመር ነበር የቆጠርኩት፤ እኩል ይሆናል ብዬ። ወደ ጎን 30 ፊደል 3 ኢንች ነው፤ ወደ ታች 30 መስመር ግን 5 ኢንች። ለዚህ ነው የረዘመው። ስለዚህ የጎኑን ቁጥር በ0.6 አባዙት። 30 ፊደል ለሚሰፋ ነገር 18 መስመር። 50 ለሚሰፋ 30። በአንድ ኢንች 12 የሚመታ ታይፕ ካላችሁ በ0.5 አባዙ፤ እሱ ይቀላል።

ባለካሬ የሒሳብ ደብተር አምጡ። ቅርጹን በእርሳስ ካሬዎቹ ላይ አውርዱት። ለእያንዳንዱ መስመር ዳር ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ስንት ባዶ፣ ስንት ፊደል። መሃል ላይ እንዲውል ከፈለጋችሁ ከ82 ላይ የፊደሉን ብዛት ቀንሱና ለሁለት ክፈሉ። ለ30 ፊደል 26 ባዶ። ይሄን ደብተር ሳትጨርሱ ታይፑ ጋ አትቀመጡ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ልጆች ይሄ ይሰለቻቸዋል። "እትዬ፣ ሒሳብ ነው እንዴ?" ይላሉ። አዎ፣ ሒሳብ ነው።

ጥቁርና ነጭ

አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ በየካሬው እየሞላችሁ ምቱ። እያንዳንዱ አምስት በአምስት ይሁን። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ሦስት እርምጃ ራቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። የትኛው ይጠቁራል? የትኛው ይነጣል?

ሁለት ነጥብ፣ ይህቺ "፡"፣ ከሁሉም ትነጣለች። ቀጥሎ አራት ነጥብ። ከዚያ "ነ"ና "ተ"፣ ቀጫጭኖቹ። "ለ"ና "በ" መሃል ላይ ናቸው። "ሐ"፣ "ሠ"፣ "ጠ" ይከብዳሉ። "ጨ" ከሁሉም ይከብዳል፤ "ጨ" ላይ "ወ" ብትደርቡበት ጭቃ ይሆናል። ያን ገጽ አትጣሉት። የቀለም ሳጥናችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚል ክርክር ስሰማ ነው ያረጀሁት። ለንባብ ይቀነሱ አይቀነሱ እኔን አይመለከተኝም። ለሥዕል ግን "አ" እግር አለው፣ "ዐ" ክብ ነው። "ሰ" ሁለት እግር ነው፣ "ሠ" ሦስት። "ጸ" ጠረጴዛ ነው፣ "ፀ" ጀንበር። ፀሐይን በ"ጸ" የሚጽፍ ሰው ታይፕ ላይ አይቀመጥብኝ።

አመታትም አለ። ሥራ ላይ በአሥር ጣት ሳይታይ መምታት ነው የተማርነው፤ አስተማሪያችን እጃችንን በጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። ለሥዕል ይሄን እርሱት። ትንሿ ጣት ደካማ ናት፤ በእሷ የተመታ ፊደል ይነጣል። እኩል ጥቁረት ከፈለጋችሁ በአንድ ጣት፣ በቀስታ፣ በእኩል ኃይል ምቱ። አራት ነጥብ ላይ ደግሞ ቀለል በሉ፤ ወረቀት ትበሳለች።

ብርድ ልብስ

ለጀማሪ ከመሶብ ይልቅ ይሄን እሰጣለሁ። የእኔው ፈጠራ ነው፤ እኮራበታለሁም። ከተማችን በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ። አንድ ማታ ሁለቱን ቃላት ስቆጥራቸው "ብርድ" ሦስት ፊደል፣ "ልብስ" ሦስት ፊደል። ተነስቼ መብራት አበራሁ።

መስመሩ ላይ "ብርድ"ን 12 ጊዜ ሳትለያዩ ምቱ። 36 ፊደል ይሆናል። አሁን ሠረገላውን በማንሻው አትመልሱት፤ በማንሻው ከመለሳችሁት መስመር ይዘላል። በእጃችሁ ገፍታችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት። ከግራ ጀምራችሁ የመጀመሪያው "ብርድ" ላይ "ልብስ" ምቱበት። አሁን በማንሻው ወደ ቀጣዩ መስመር ውረዱ። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ አንድ "ልብስ"። ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ላይ ሁለት ሁለት "ልብስ"። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ሦስት ሦስት። በየሁለት መስመሩ አንድ እየጨመራችሁ ስትወርዱ 24ኛው መስመር ላይ 12ቱም "ብርድ" ይሸፈናሉ።

የሚሆነውን ታያላችሁ። ከላይ በቀኝ በኩል "ብርድ ብርድ ብርድ" ይነበባል፤ ነጣ ያለ፣ የተራቆተ። ከታች በግራ ደግሞ ጥቁር ነው። እዚያ ብርዱም አይነበብም፣ ልብሱም አይነበብም። ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው። ብርድ ልብሱ በሰያፍ ተስቦ ለብሷል።

የመጀመሪያውን ስሠራ 19ኛው መስመር ላይ እጄ በልማድ ማንሻውን ሳበው። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። መስመሩ ዘለለና ብርድ ልብሱ መሃሉ ላይ ተቀደደ። ሁለት ሰዓት የለፋሁበት! ፍሉድ ልቀባ ብዬ ተውኩት። ፍሉድ ላይ ሲደረብ ይሰነጠቃል፣ ፊደሉም ውስጥ ይጣበቃል። ከዚያ የእናቴ ጋቢ ትዝ አለኝ። ስንት እራፊ ነበረበት። የተቀደደው ላይ በ"ጨ" ካሬ እራፊ ጣፍኩበት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አሁን ስሕተት የሠራ ልጅ ሲያለቅስብኝ "ጣፈው" እላለሁ።

ታርማበር

ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጡ፣ ጣልያን የቀደደው ዋሻ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ጉሙ ከቆላው እየተንከባለለ ይመጣል። ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ድንገት ከመስኮቱ ሥር አንድ ሰው ገብስ ቆሎ ይዞ ይታያል። ወዲያው የለም።

"ጉም" ሁለት ፊደል ነው። "ሰው"ም ሁለት።

ጉም ጉም ጉም ጉም ጉም
ጉም ጉም ጉም ጉም ጉም
ጉም ጉም ሰው ጉም ጉም
ጉም ጉም ጉም ጉም ጉም
ጉም ጉም ጉም ጉም ጉም

በእውነተኛው ላይ 40 መስመር ነው፤ ሰውዬው አንድ ብቻ ነው። ሰው እስኪያገኘው ይፈልገዋል። ጉሙን በሪባን አትምቱት፤ ይደምቃል። የሪባን ማስተካከያው ሦስት ቦታ አለው። ጥቁር፣ ቀይ፣ እና ስቴንስል (የማባዣ ወረቀት) የምንቆርጥበት፣ ሪባኑ የማይነሳበት። በሦስተኛው ላይ አድርጉና ወረቀታችሁ ላይ ካርቦን ደርባችሁ ምቱ። ካርቦኑ ፊደሉን ያደበዝዘዋል፤ ዳሩ ይለሰልሳል፤ ጉም ማለት እሱ ነው። የ"ሰው"ን ቦታ ባዶ ተዉት። ስትጨርሱ ካርቦኑን አንስታችሁ፣ ማስተካከያውን ጥቁር ላይ መልሳችሁ፣ "ሰው"ን በሪባን ምቱት። ወረቀቱን ከታይፑ አታውጡት፤ አንዴ ከወጣ ልክ ቦታው አይመለስም።

አንዱ ልጅ ክፍተቱን ረስቶ "ጉምጉምጉምጉም" ብሎ መታው። ልቆጣው ስል አነበብኩት። ተሳፋሪው ፈርቶ ሲጉረመረም የሚሰማው ያው ጉምጉምታ ነው! አሁን የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች ሆን ብዬ ክፍተት እነሳቸዋለሁ። ፈጠራው የልጁ ነው፤ ቄሱም ቅኔውን ለእሱ መረቁለት።

ቃል ስትመርጡ እንዲህ ውስጡን እዩት። የከተማችን ስም በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከሰማይ ወረደ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። እኔ ደግሞ መብራት በጠፋ ማታ እንዲህ መታሁት።

ብርሃን
ብርሃ
ብር
ብ

ሦስተኛው መስመር ለሻማ ነው።

ጭላዳ

ቀይ ሪባን ያለው ሰው ይሄን ይሥራ። መንዝ ጓሳ የሄደ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮን ያውቃታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ሣር ትነጫለች። ወንዱ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። ያ ቀይ ነው ሥራው።

36 ፊደል ስፋት፣ 22 መስመር ቁመት። ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ። ቅርጹ ቀላል ነው፤ የጤፍ ክምር ላይ ትንሽ ራስ። ጎፈሩን "ሣር" በሚለው ቃል ሙሉት፤ የሚበላውም የሚመስለውም እሱን ነው። ጠርዙ ላይ "ሣ"ን በቅጥያ ጭረት ተኩት፤ ፀጉሩ የተበተነ ይመስላል። ፊቱ ላይ "ጠ" በ"ወ" ደርቡ። ለዓይኖቹ ሁለት ፊደል ቦታ ባዶ ተዉ፤ መሃሉ ላይ ነጥብ። ደረቱ ላይ ከ11ኛው እስከ 16ኛው መስመር፣ ከላይና ከታች ሰፋ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ቦታ ባዶ ይቅር።

ጥቁሩን በሙሉ ጨርሱ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ 11ኛው መስመር በእጅ መልሱ፣ ማስተካከያውን ቀይ ላይ አድርጉ፣ "ልብ ልብ ልብ" እያላችሁ ሙሉት። ጥቁርና ቀይ በየመስመሩ ከቀያየራችሁ ቀዩ ጥቁሩን ነክቶ ቡኒ ይሆናል። እኔ ሁለት ጭላዳ በዚህ አበላሽቻለሁ፤ ደረታቸው በርበሬ የፈሰሰበት ሆነ።

የቀረው

ታይፕ የሌለው ሰው በኮምፒውተር ይሞክር፣ ግን ዝም ብሎ አይጻፍ። የኮምፒውተር አማርኛ ፊደል ስፋቱ የተለያየ ነው፤ "ጨ" ሰፊ፣ "ነ" ጠባብ። ሥዕሉ ይንሸዋረራል። ሠንጠረዥ አስገቡ። የእያንዳንዱን ሳጥን ስፋትም ቁመትም ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርጉና በየሳጥኑ አንድ ፊደል። እንደዚህ ከሆነ በ0.6 ማባዛትም የለም። ሲያልቅ የሠንጠረዡን መስመር አጥፉት። መደረብ ግን አይቻልም፤ ብርድ ልብሱን በዚህ መሥራት አይሆንም።

የተሠራውን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። በተለይ በማኅተም ቀለም የረጠበ ሪባን ቶሎ ይለቃል። ፎቶ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ፍላሽ የፊደሉን ጉድጓድ ያጠፋዋል፤ ታይፕን ታይፕ የሚያሰኘው ደግሞ ያ ጉድጓድ ነው፤ ከጀርባ በጣት ሲዳሰስ የሚሰማው።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ክፍት ነው። ባለካሬ ደብተርና ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ሪባኑ የራሴ ነው፤ ማንም አይቆጣችሁም።